ውሃ ውስጥ የከረሙት ዘንጎች

ተገኘ ዘጠነኛውን ጣሳ አሸዋ ወደ ባልዲው ሲገለብጥ ዘንጉ ወገቡ ላይ ተቀነጠሰና ባልዲው መሬት ላይ ዱብ አለ። ግማሹ እንኳ አልሞላም ነበር።

«ተሰበረ?» አለች ጣቢታ በከምባትኛ። ከዶዮገና በላይ፣ ኮረብታው ላይ በድንጋይ የተገነባው የውሃ ጋን ጥበቃ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የቫልቮቹን ቁልፍ በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከጋኑ ጥላ ሥር ቆማለች።

«ተሰበረ፣ እትዬ ጣቢታ።»

«አምና ስንት ጣሳ ቻለ?»

«አሥራ ሦስት።»

ጣቢታ ከንፈሯን መጠጠች። ተገኘ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ስባሪዎች አነሳ። ዘንጉ ሁለት ጣት ውፍረትና የክንድ ርዝመት ያለው ግራጫ ነገር ነው፤ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድሞት፣ ከመሃሉ ባልዲውን በሽቦ አንጠልጥሎ ነበር አሸዋ የሚጨምርበት። ስብራቱን በአውራ ጣቱ አሸት ሲያደርገው ጥቂት የአሸዋ ፍሬዎች ረግፈው መዳፉ ላይ ቀሩ። መዳፉን ሳያራግፍ ለረጅም ጊዜ አየው።

ዘንጉን የሠራው ራሱ ነው። በሰኔ ወር 1972 ዓ.ም. ተገኘ ሄራሞ ከምሥራቅ ጀርመን የሰባት ወር ሥልጠና ጨርሶ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሆሳዕና ያለው መሥሪያ ቤቱ ወደዚህ ላከው። የጋኑ ግድግዳ በቁልቁለቱ በኩል ከሥሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ተገኘ ከሁለት ሠራተኞች ጋር የተጎዳውን ግንብ ጉልበት ድረስ ፈልፍሎ አወጣና ቦታውን በሙጫ ኮንክሪት ሞላው። ይህ ነገር ሲሚንቶም ውሃም አይገባበትም። በበርሜል የሚመጣ እንደ ማር የወፈረ ሙጫ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ይለወሳል፣ ማድረቂያ ጠብ ይደረግበታል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣል፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል። በማግስቱ መሮ ሲመቱበት መሮው ነጥሮ ተመለሰ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ያሠለጠነው ጀርመናዊ «ዝገት አይነካውም፣ ውሃ አያሰርግም፣ ሠላሳ ዓመት ይቆያል» ብሎት ነበር። ተገኘም አመነ። ሥራው ተመስግኖ በአብዮት በዓል ዕለት የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

ይሁን እንጂ ተገኘ ከሥልጠናው በፊት ለአሥራ አምስት ዓመት ግንበኛ ነበርና በሰው ቃል ብቻ የሚረጋ ሰው አልነበረም። ከዚያው ልውስ ሃያ አራት ዘንጎች አወጣ። አሥራ ሁለቱን በሽቦ ቅርጫት አድርጎ ጋኑ ውስጥ ሰጠማቸው፤ አሥራ ሁለቱን ሆሳዕና ቢሮው መደርደሪያ ላይ አኖራቸው። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ከውሃው አንድ፣ ከመደርደሪያው አንድ እያወጣ ይሰብራል። መጀመሪያ ሁለቱም ባልዲ ሙሉ አሸዋ፣ ሃያ ጣሳ ተሸከሙ። የመደርደሪያዎቹ እስከ ዛሬም ሃያ ጣሳ ይሸከማሉ። የውሃዎቹ ግን አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት እያሉ ወረዱ። አንድ ቦታ ይቆማል ብሎ አሰበ። አልቆመም። ውሃው ቸኩሎ አልነበረም። በአሸዋው ፍሬና በሙጫው መካከል ባለችው ስፌት በዓመት በዓመቱ እየገባ አንዱ ሌላውን የያዘበትን እያላላ ሄደ። ከላይ ሲያዩት አንዳች የለውም፤ ስንጥቅ አይታይበት፣ ቀለሙ አልተለወጠ።

ተገኘ ስባሪዎቹን ኪሱ ከትቶ ወደ ጋኑ ግድግዳ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ድንጋዩ ከአናቱ አጠገብ ድረስ ማላቡን ያስተዋለው። እጁን ለጠፈበት። ቀዝቃዛ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ጋን ሞልቷል እንዴ?»

«ሞልቷል።»

«ከግማሽ በላይ እንዳታሳልፊ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል። ጓድ ዳኘ ትናንት ጠዋት መጣ። እሑድ ለአዲሱ መንደር ምረቃ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቧንቧው ሲከፈት በኃይል ይውረድ አለ። አንተ ያልከውን ነገርኩት። ‹ጋን የሚሠራው ለመሙላት ነው› አለኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?»

ተገኘ ቁልቁል ተመለከተ። ሥራውን በሠራበት ዘመን ከጋኑ በታች ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ብቻ ነበር። አሁን በሁለት ረድፍ የተሰለፉ አርባ ሁለት አዲስ ጎጆዎች አሉበት፤ የሣር ክዳናቸው ገና ቢጫ ነው። ሰዎቹ ከየማሳቸው ተነስተው እዚህ ከገቡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ከፊተኛው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ልብስ እያሰጣች ነበር። ከቤቷ ጀርባ እስከ ጋኑ ግድግዳ አንድ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

ከቅርጫቱ ሌላ ዘንግ አወጣ፤ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ጠቀለለበትና ወደ ከተማው ወረደ።

•

ከሆሳዕና ያመጣው አለቃው ኃይሉ ነበር። ኃይሉ አባቱ ከሰሜን ሸዋ በዳኝነት መጥተው ሆሳዕና የቀሩ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ላንድሮቨሩን ገበሬ ማኅበሩ ግቢ አቁሞ፣ ከመንደር ምሥረታው አስተባባሪ ከዳኘ ጋር ስለ እሑዱ ዝግጅት እየተነጋገረ ነበር። ዳኘ ቀድሞ መምህር የነበረ ወጣት ነው፤ ካኪ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነክቶታል፤ ዓይኖቹ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል። ጠረጴዛው ላይ የእንግዶቹ ስም ዝርዝር ተዘርግቷል።

ተገኘ ቆሞ ያየውን ተናገረ። አማርኛው በሥራ ቤት የለመደው ነው፤ ሲቸኩል ይያዝበታል። አሁንም ተያዘበት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ዳኘ። «ይህ ጉዳይ አምና ያለቀ አይደለም እንዴ? ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጥቶ ናሙና ወስዷል። ውጤቱም መጥቷል። ጓድ ኃይሉ፣ ደብዳቤውን አምጥተኸዋል?»

ኃይሉ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት መዝዞ ዓይኑን ከተገኘ ሳያገናኝ አቀበለው። ዳኘ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «‹በተላኩት ሁለት ናሙናዎች ላይ በተደረገው ምርመራ የቁሱ ጥንካሬ ጉልህ ቅናሽ አላሳየም።› ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። አንተ ደግሞ በባልዲና በአሸዋ ፈረሰ ትላለህ።»

«ናሙናው ደርቆ ነው የተመረመረው» አለ ተገኘ።

«ቢደርቅስ?»

«ሲደርቅ... ሲደርቅ ይመለሳል፣ ጓድ ዳኘ። ጥንካሬው። በጋዜጣ ጠቅልለው ወሰዱት፣ ሦስት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ውሃው ወጣ። ያን ጊዜ...» ቃሉ ጠፋበት። በከምባትኛ ቢሆን ኖሮ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨርሰው ነበር። እጆቹን አየና «ላሳያችሁ» አለ።

ግቢው ውስጥ ሁለት ድንጋዮች አስተካክሎ አቆመ። ባልዲ ከቢሮው፣ አሸዋ ለቤቶቹ ምርጊት ከተደፋው ክምር መጣ። በመጀመሪያ ከቦርሳው አንድ ዘንግ አወጣ።

«ይህ ስድስት ዓመት ውሃ ውስጥ ቆይቷል። መስከረም ላይ አውጥቼ ቤቴ አደረቅሁት። ባለሙያው እንደወሰዳቸው ናሙናዎች ደርቋል ማለት ነው።»

ጣሳ በጣሳ ጨመረ። ኃይሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይቆጥር ጀመር። አሥራ ስምንት ላይ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«ይኸው!» አለ ዳኘ። «ጠንካራ ነው።»

ተገኘ ጆንያውን ፈታ። ከጋኑ ዛሬ ጠዋት የወጣውን ዘንግ በዚያው ድንጋይ ላይ አጋደመ። በዘጠነኛው ጣሳ ጎበጥ ሲል ታየ፤ አሥረኛው ሲጨመር ተሰበረ። አሸዋው ኃይሉ ጫማ ላይ ፈሰሰ። ኃይሉ እግሩን አላነሳም።

ዳኘ ስባሪውን አንስቶ አገላበጠው።

«ታዲያ ደርቆ የሚመለስ ከሆነ ይድረቅ» አለ።

«ውሃ የያዘ ጋን እንዴት ይደርቃል? ባዶ መሆን አለበት። ባዶ ሆኖ ቢደርቅም እንደገና ውሃ ሲገባበት ያው ነው። ፈርሶ በሲሚንቶ መሠራት አለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ወር። ሦስትም ሊሆን ይችላል።»

ዳኘ ስባሪውን ወደ አሸዋው ክምር ወረወረው። ድምፁ ተለወጠ። «ጓድ ተገኘ፣ እነዚህን ሰዎች ከእንሰታቸው ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። በየቤታቸው እየዞርኩ ‹ውሃ አለ፣ ደጃፋችሁ ድረስ ይመጣል፣ ሴቶቻችሁ ወንዝ አይወርዱም› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ያልኳቸው ነገር ሁሉ እስካሁን አልመጣም። ትምህርት ቤቱ አልተሠራም፣ ወፍጮው አልመጣም። የመጣው ውሃው ብቻ ነው። አሁን በየካቲት፣ በድርቁ፣ እሱንም ልከልክላቸው?»

«ጋኑን የሚሞላው ምንጭ አይደርቅም። በቀጭኑ ይወርዳል።»

«በቀጭኑ ለአርባ ሁለት ቤት! ከከተማው ጋር!»

«ወረፋ ይሆናል። አውቃለሁ። ግን ግንቡ ከለቀቀ...» ተገኘ በእጁ ወደ ኮረብታው አመለከተ። «መቶ ሺህ ሊትር ነው። ከነድንጋዩ ነው የሚወርደው።»

ዳኘ ወደ ኃይሉ ዞረ። «አለቃው አንተ ነህ። ጋኑ እስከ እሑድ ይቆማል ወይስ አይቆምም? አራት ቀን ነው የምጠይቅህ። ሰባት ዓመት የቆመ ጋን አራት ቀን ያቅተዋል?»

ኃይሉ መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገ፤ መልሶ አደረገው። «ደብዳቤው... ደብዳቤው ጥንካሬው አልቀነሰም ይላል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ከደብዳቤው ውጭ ልናገር አልችልም።»

«እንግዲያው አለቀ» አለ ዳኘ። «ጓድ ተገኘ፣ ከእሑድ በኋላ የፈለግኸውን አድርግ። ከእሑድ በፊት ያን ጋን የሚነካ ሰው ሥራዬን እያሰናከለ ነው። ይህ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃለህ።»

ተገኘ ያውቃል፤ አሻጥር ይባላል። የታላቅ ወንድሙ ልጅ በዚሁ ተከሶ ሁለት ዓመት ታስሯል።

•

ኮረብታውን የወጣው ሳይፋጠን ነው። መንገዱ በአዲሱ መንደር መሃል ያልፋል። የፊተኛው ቤት ባለቤት እልፍነሽ የምትባል ስድስት ልጆች ያሏት ሴት ናት፤ ከቤቷ ጀርባ ካለው ግልጥ መሬት ላይ ከድሮ ማሳዋ ያመጣቻቸውን ሦስት የእንሰት ችግኞች ተክላ ዙሪያቸውን በእጇ ትኮተኩት ነበር። ቀና ብላ ሰላም አለችው።

«ይይዙልሽ ይሆን?» አላት ተገኘ ችግኞቹን እያየ።

«ውሃ ካለ ይይዛሉ» አለች። «እዚህ ውሃ አለ።»

አንገቱን ነቅንቆ አለፈ። መንገዱ ሲታጠፍ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ በሩ በሰም የታሸገው ጸሎት ቤት ጋ አረፍ አለ። የጸሎት ቤቱ አጥር ግንብ ላይ ተቀምጦ ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ዳኘ እንዳለው አራት ቀን ቢቆምስ? ሊቆም ይችላል። ዓመትም ሊቆም ይችላል። ዛሬ ማታ ሊለቅም ይችላል። ዘንጎቹ ይህን አይናገሩም። ዘንጎቹ የሚናገሩት ግማሹ እንደሄደ ብቻ ነው። ጋኑን ቢያፈሰው ደግሞ ሊለቅ እንደነበር ማንም ሊያይ አይችልም፤ የሚታየው የፈሰሰ ውሃና ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች ብቻ ነው። ተነስቶ መንገዱን ቀጠለ።

ጣቢታ ጋኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የማጠቢያውን ቁልፍ ስጪኝ፣ እትዬ።» የማጠቢያው ቫልቭ ከጋኑ ሥር ያለውን፣ በዓመት አንዴ ጋኑን ለማጽዳት ብቻ የሚከፈተውን ቧንቧ የሚዘጋው ነው።

ጣቢታ ገመዱን በእጇ ጨብጣ «ማን አዘዘ?» አለችው።

«ማንም አላዘዘም። ጓድ ዳኘ ከልክሏል።»

«አለቃህስ?»

«ዝም አለ።»

ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አጠናች። ባሏ የሞተባት በረሃቡ ዓመት ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። «እኔ ይህን ቁልፍ የተረከብኩት በፊርማ ነው» አለች። «ነገ ‹ማን ከፈተው?› ይሉኛል። ‹ተገኘ› ስል ‹ማስረጃሽ የታለ?› ይሉኛል። ጻፍልኝ።»

ተገኘ ከማስታወሻ ደብተሩ ቅጠል ቀደደ። ጋኑ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ «የማጠቢያውን ቫልቭ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥበቃዋ ጣቢታ ቁልፉን የሰጠችው በሥራ ኃላፊነቴ ስላዘዝኳት ነው። ተገኘ ሄራሞ፣ የካቲት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.» ወረቀቱ ከድንጋዩ ላብ ረጥቦ ቀለሙ ትንሽ ተበላሸ። ጣቢታ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ጨረሰችው። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችና ገመዱን ከአንገቷ አወለቀች።

ቫልቩ ዝጎ ነበር። ሁለቱም ተጋግዘው አዞሩት። ውሃው ወደ ጎን በተቆፈረው ቦይ እየተንፎለፎለ ከመንደሩ ርቆ ወዳለው ገደል መውረድ ጀመረ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እልፍነሽ ናት። ጀሪካን ይዛ እየሮጠች ወጣች፤ ከኋላዋ ሌሎች ተከተሉ። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ውሃውን ለምን ትደፉታላችሁ?»

«ግንቡ ደክሟል» አላት ተገኘ። «ሞልቶ ከቆየ ቤትሽ ላይ ይወርዳል።»

«ቆሟል እኮ! ይኸው ቆሟል!» ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። «ከማሳችን አነሳችሁን፣ ዝም አልን። አሁን ደግሞ ውሃውን ታፈሱታላችሁ?»

እውነቷን ነበር። «ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ሙሉ፤ እስኪያልቅ ድረስ ቅዱ» አለ። ሴቶቹ እየተሳደቡም እያለቀሱም ቦዩ ዳር ተደረደሩ። እንስራ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የቡና ጀበና ሳይቀር መጣ። ጣቢታ ቅሏን ይዛ ቦዩ ውስጥ ገብታ ትቀዳላቸው ጀመር።

•

ዳኘና ኃይሉ ሲደርሱ ጋኑ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ዳኘ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ነው የመጣው። ተገኘ የጋኑን ክዳን ከፍቶ የብረት መሰላሉ ላይ ቆሞ ነበር።

«ውረድ!» አለ ዳኘ።

«ይግቡና ይዩ፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉት ቦታ እሄዳለሁ» አለ ተገኘ። ይህን ጊዜ አማርኛው አልተያዘበትም።

ዳኘ ታጣቂዎቹን ከታች አቁሞ ወጣ። ኃይሉ ተከተለ። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው፤ የቀረው ውሃ ቁርጭምጭሚት ይሆናል። ተገኘ በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ግድግዳ ጉልበት ድረስ በመዳፉ ጠረገው። ለስላሳ ነው፤ ስንጥቅ የለውም፤ ያን ዕለት ጨርሶ እንደወጣበት ነው። ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ ጠርዙ ላይ፣ ከድሮው ድንጋይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጫር ጫር አደረገው። ሚስማሩ ገባ። አሸዋው ልክ እንደ እርጥብ ስኳር ተፍረክርኮ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ተገኘ ሚስማሩን ለዳኘ ሰጠው።

ዳኘ አንድ ጊዜ ጫረ። ከዚያ ሚስማሩን ትቶ ጣቱን ከተተበት። ጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ገባ። አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። ከውጭ ሴቶቹ የቀረውን ውሃ ሲሻሙ ይሰማል።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ።»

«የምስክር ወረቀት የተሰጠበት ሥራ ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

ዳኘ በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ብርሃኑ ቀና አለ። ሲናገር ቁጣው ወጥቶለታል፤ የቀረው የደከመ ሰው ብቻ ነበር። «ሰኞ አውራጃ ትጠራለህ። ያለ ፈቃድ ጋን ከፍተሃል፣ ይህን ልሸሽግልህ አልችልም። አንተንና ጓድ ኃይሉን ምን እንደሚጠይቋችሁ እኔ አላውቅም።» መሰላሉን ሁለት እርከን ከወጣ በኋላ ቆመ። «ለሰዎቹ ምን እንደምላቸው ንገረኝ እስቲ።»

«ያዩትን ይንገሯቸው» አለ ተገኘ።

ዳኘ ወጣ። ወዲያው እልፍነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጠይቀው ተሰማ፤ የሱ መልስ ግን ዝግ ያለ ስለነበር አልተሰማም። ቆይቶ ሴትዮዋ ራሷ ክዳኑ ላይ ብቅ አለች። ማንም አልከለከላትም። ወርዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ግድግዳውን ጣቷን አስገብታ አየችው። ከዚያ ወጥታ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

•

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላንድሮቨሩ ገበሬ ማኅበሩ ግቢ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኃይሉ መሪውን ይዟል፤ ሞተሩን ገና አላስነሳም። የተገኘ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ሪፖርቱን አሁን ጻፈው» አለ ኃይሉ። «ሰኞ ሲጠሩን ቀድሞ የተጻፈ ነገር በእጃችን ይኑር።»

ተገኘ ጉልበቱ ላይ ጻፈ። ሦስት መስመር ነው፦ የቦታው ስም፣ ሥራው የተሠራበት ቀን፣ ቁሱ በውሃ ውስጥ በስድስት ዓመት ተኩል ግማሽ ጥንካሬውን ማጣቱ። ከሥሩ «ሥራውን የሠራው፦ ተገኘ ሄራሞ» ብሎ ጨረሰ። ኃይሉ ወስዶ አነበበው።

«የድሮው ግንብም ደካማ ነበር ብትል ውሸት አይሆንም ነበር» አለ።

«የድሮው ግንብ ቆሟል።»

ኃይሉ ወረቀቱን አጠፈው። ወዲያው ግን ማኅደሩ ውስጥ አልከተተውም። ሾፌር ባይኖርም፣ ግቢው ባዶ ቢሆንም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ ግቢ ውስጥ ዝም ማለቴ... ደብዳቤው እጄ ላይ ነበር፣ ተገኘ። ሰባት ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ኃይሉ።»

«በዚህ ነገር ሌላ ቦታ የሠራኸው የለም አይደል?»

አጠያየቁ ‹የለም› የሚለውን መልስ ይዞ የመጣ ነበር። ተገኘ በመስታወቱ ወደ ፊት ተመለከተ። ዳምቦያ የሠራው አለ። በግንቦት 1974 ከበርሜሉ በተረፈው ሙጫ ከጤና ጣቢያው በላይ ያለውን ትንሽ ጋን ጠግኖ ነበር። ለዚያ ዘንግ አላወጣም፤ የዶዮገናዎቹ ለሁለቱም ይናገራሉ ብሎ። ቢሮው ሲዛወር የዚያ ዓመት ማኅደሮች በዝናብ ተበላሽተው ተጥለዋል። አብረውት ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሞቷል፤ ሌላው በሰፈራ ወደ መተከል ሄዶ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ስለዚያ ጥገና እዚህ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። አንድ ጥፋት ሲሆን ስህተት ነው ይባላል፤ ሁለት ሲሆን ዳኘ ጠዋት ያስፈራራበት አሻጥር የሚለው ስም ይለጠፍበታል። ሚስቱ አባይነሽ ዛሬ ማለዳ ስትሸኘው ለፋሲካ እናቷ ዘንድ ስለ መሄድ አንስታበት ነበር፤ እሺ ብሏት ነው የወጣው።

ኃይሉ እየጠበቀው እንደሆነ አወቀ። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ከኃይሉ ጣቶች መካከል ወሰደ፤ እጥፋቱን ፈታ። ከስሙ በላይ አንዲት መስመር የምትሆን ባዶ ቦታ ነበረች። እዚያች ላይ አጥብቦ ጻፈና መለሰለት።

ኃይሉ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቶ እንደገና አነበበው።

«በዱራሜ በኩል አሁን ከተነሳን» አለ ተገኘ፣ «ጀንበር ሳትጠልቅ ዳምቦያ እንደርሳለን።»